ሞተሩ ዳገት ላይ ኖክ ሲያደርግ ከየት ይጀመር?

ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ፣ ዴራን አልፋችሁ ኢተያ ሳትደርሱ፣ በአራተኛ ማርሽ ቤንዚን ስትረግጡ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለ ድምፅ ከተሰማና እግራችሁን ስታነሱ ከጠፋ፣ ሞተሩ ኖክ እያደረገ ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚሄድ፣ ቆማችሁም የሚሰማ ከባድ ምት ግን ብዙውን ጊዜ የብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማስቀመጫ) ነው፤ እሱን ቤንዚን መቀየር አያድነውም።

ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ነበልባሉ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ሲሊንደሩን ያዳርሳል። ገና ያልተቃጠለው ቅልቅል በሙቀትና በግፊት ተጨንቆ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ከፈነዳ ያ ድምፅ ይወጣል። ኦክቴን የቤንዚኑን ጉልበት አይለካም፤ ይህን ፍንዳታ የመቋቋም አቅሙን ነው የሚለካው። አይሶኦክቴን 100፣ ሄፕቴን 0 ተብለው ተይዘዋል፤ 91 ማለት የ91 እጅ አይሶኦክቴንና የ9 እጅ ሄፕቴን ቅልቅልን ያህል ይቋቋማል ማለት ነው።

ስለዚህ 91 የሚበቃው ቪትዝ 95 ስለተሞላለት ጉልበት አይጨምርም። 95 የሚጠይቅ ሞተር 91 ሲሞላለት ግን ኖክ ሴንሰሩ (ምቱን የሚሰማው መሣሪያ) የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ኮሮላ ሴንሰር የለውም፤ ምቱን የሚቀበሉት ፒስተኑና የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ናቸው። መኪናችሁ የሚጠይቀውን ቁጥር ከመመሪያው ወይም ከቤንዚን መሙያው ክዳን ጀርባ እዩ። ከአሜሪካ በመጣ መኪና ላይ 87 ተብሎ ከተጻፈ አትደንግጡ፤ አለካኩ ስለሚለይ በሌላው ዓለም አቆጣጠር ወደ 91 ይጠጋል።

አዳማ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ይጠነክራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ሁለቱም ኖክ ይጠራሉ። አዲስ አበባ ላይ ስስ አየሩን ለማካካስ እሳቱ እንዲቀድም የተደረገ አሮጌ መኪና እዚያው ጸጥ ብሎ ከርሞ፣ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚንቀጫቀጨው ለዚህ ነው። ቤንዚኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) በታይሚንግ ላይት አስለኩ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሠራ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር የቫኪዩም ጎማውን (ቀጭኑን ቱቦ) ነቅላችሁ ከሞተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ድፈኑት። በላይቱ የሚታየው የፑሊው ምልክት መመሪያው ከሚለው ዲግሪ ከቀደመ የዲስትሪቢውተሩን ብሎን አላሉና አካሉን ሮተሩ (ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ) ወደሚዞርበት አቅጣጫ በጥቂቱ አዙሩ፤ እሳቱ ይዘገያል። ብሎኑን አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፣ ጎማውን መልሱ። በጆሮ ብቻ አታስተካክሉት፤ በጣም ከዘገየ ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል።

ታይሚንጉ ትክክል ከሆነ ወደ ሙቀቱ እለፉ። ዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር በደለል ይደፈናል፤ የጋለ ቴስታታ ደግሞ ጥሩ ቤንዚንንም ኖክ ያስደርጋል። ካንዴላም በቁጥሩ ይገዛል፤ ኤንጂኬ በሚባለው ምርት ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይሞቃል፣ ስለዚህ 6 ለሚጠይቅ ሞተር 5 አትግጠሙ። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ፒስተኑ ላይ ካርቦን ያከማቻል፤ ካርቦኑ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ግሎም ፍም ይሆናል።

ቤንዚኑ ራሱ የሚጠረጠረው ድምፁ ከሞላችሁ በኋላ በድንገት ከጀመረ ነው፤ በተለይ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል። እሳት በሌለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ይተናል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታማ ምልክት ይተዋል። በሚዛን ለማየት ደግሞ ጠርሙስ ላይ 1,000 ግራም ውሃ የሚደርስበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ አድርቁት፣ እስከዚያው ቤንዚን ሙሉ። ከ720 እስከ 775 ግራም ደህና ነው፤ ከዚያ ከከበደ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል። ጥቂት ቅልቅል ግን በሚዛን አይያዝም፣ ወረቀቱን አትተዉ።

መጥፎው ቤንዚን ታንከር ውስጥ ከገባና ግማሽ ያህል ከሆነ ከማደያ ጥሩውን ሙሉበት፤ ኦክቴኑ በግምት በመካከል ይገኛል። ታንከሩ ሙሉ ከሆነ አስቀዱት። እስከዚያ ዳገት ላይ ቀድማችሁ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ኤሲውን አጥፉ፤ ድምፁ ከተሰማ ቤንዚን አትጨምሩበት።