አሮጌ ሞተር ሲታደስ፦ መጀመሪያ ፎርክ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ጎማ በመጨረሻ

አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ጎማ ነው፤ ጎማ ዓይን ውስጥ ይገባልና። እኔ ግን የፊት ጎማውን በሁለት እግሮቹ ይዞ ንዝረት ከሚያበርደው ከፎርኩ ይጀመር ባይ ነኝ። የሚያፈስ ፎርክ ዘይቱ በእግሩ ወርዶ ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ያገኛል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ቢታጠብም በእሳት ቢለበለብም አስተማማኝ አይሆንም፤ ይጣላል።

ሞተሩን በደንብ ደግፈው የፊት ጎማውን ያውጡ። ከዚያ የፎርኩን ብረት ጠርገው ጥፍርዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራቱበት። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ጉድጓዱ የጎሚኒውን ከንፈር በልቶ ፎርኩ እንደገና ያፈሳል። ቀላል ጭረት ከሆነ በዘይት በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ጉድጓዱ ጠልቆ ጎሚኒው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ብረቱ ራሱ መቀየር አለበት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፎርኩን ሲፈታ ነው፤ የሚያስቸግረውም ቅደም ተከተሉ ነው። እግሩ ገና ከሞተሩ ጋር እንደታሰረ ሁለት ነገር ይላላ። አንደኛው የላይኛው ክዳን ነው፤ በመጀመሪያ ክዳኑን ዙሪያውን የጨመቀውን የማቀፊያ ብሎን ያላሉ። ሁለተኛው ከእግሩ ሥር ያለው ብሎን ነው። ይህ ብሎን ውስጥ ካለው ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሞላው ከወጣ በኋላ ለመፍታት ቢሞክሩ ዘንጉ አብሮ እየዞረ ያታክታል። ሞላው ገና ዘንጉን እየተጫነ ሳለ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጠንካራ ምት ይለቃል።

ክዳኑን ጨርሰው ሲያወጡ ፊትዎን ከላዩ ያርቁ፤ ሞላው ክዳኑን ሊያስፈነጥረው ይችላል። አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቢቴ ሲያወጡ ከሥሩ ጨርቅ ያስገቡ፣ የመቀመጫው ጠርዝ እንዳይጫር። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የብረቱን ጫፍ በፌስታል ሸፍነው ዘይት ይቀቡት፤ ስለታም ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጥ። ለመምታት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አሮጌውን ጎሚኒ በአዲሱ ላይ አስቀምጦ፣ ልኩ በሆነ የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ቀስ እያሉ መምታት ይበቃል። በካቻቢቴ ጥግ ጥጉን መደብደብ ግን ጎሚኒውን ያጣምመዋል።

የሞተር ዘይት ፎርክ ውስጥ የሚጨምሩ ጋራዦች አሉ። አልወደውም። 20/50 ዘይት በጣም ወፍራም ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ፎርኩ ደርቆ እጅ ያደነዝዛል። መጠኑንና ዓይነቱን ከመመሪያው ወስደው የፎርክ ዘይት ይጨምሩ፤ በሁለቱ እግሮች ውስጥ የዘይቱ ከፍታ እኩል ይሁን።

ወደ ፍሬን እንለፍ። ታምቡር (ሸራው ከበሮ መሰል ቤት ውስጥ ያለበት ፍሬን) ከሆነ ከፍተው ሸራውን ይለኩ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አይንፉት፤ አሮጌ ሸራ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ላይ ትንሽ ግራሶ፣ ካቦው ውስጥ ዘይት። ዲስክ ከሆነ ዝቅተኛው ውፍረት ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጿል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ፤ በፍሬን ዘይት መያዣው ክዳን ላይ ዶት 4 ከተባለ ዶት 5 አይጨመርም፣ ሲሊኮን ነውና አይዋሃዱም።

ጎማ ሲገዙ ልኩን ከመመሪያው ይውሰዱ። ለምሳሌ ቦክሰር በተባለው ሞተር ላይ የተለመደው ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17 ነው። ሰፋ ያለ ያምራል ብሎ ጠባብ ቸርኬ ላይ ማስገባት የጎማውን ቅርጽ ያበላሻል፤ ሞተሩም ለመታጠፍ ይከብዳል። ከዋጋው በፊት በጎኑ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ያንብቡ፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይደርቃል፤ ዝናብ ላይ አይነክስም። ባለ ራጂ (ባለ ሽቦ) ቸርኬ በአብዛኛው ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) ስለሚፈልግ እሱንም አብረው አዲስ ያድርጉ፤ አሮጌው ተለጥጦ ስለሚታጠፍ ይበሳል።

ጎሚስታው በጎማው ጎን ያለውን የቀስት አቅጣጫ መጠበቁን አይተው ያረጋግጡ። አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በመታጠፊያ አይዘንበሉ፤ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ይያዙ።