ኮምፒውተራችሁ ኦፕቴን ሜሞሪውን አላይም ካለ

የኢንቴል ኦፕቴን ሜሞሪ (ሃርድ ዲስክን የሚያፋጥን ትንሽ ካርድ) ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ካላየው፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ፕሮሰሰሩ ከ7ኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር በታች ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ማፋጠኑ አይሠራም።

ቀጥሎ የሰካችሁበትን ቦታ እዩ። አንዳንድ የኤም.2 ማስገቢያ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀጭን የካርድ መሰኪያ) ሳታ የሚባለውን የመረጃ መስመር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኦፕቴን ደግሞ ፒሲአይኢ የሚባለውን መስመር ይፈልጋል። ሁለቱ ማስገቢያዎች ብዙ ጊዜ በዓይን አይለዩም፤ የማዘርቦርዱን መመሪያ አንብቡ።

ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ ነው። ባዮሱን አድሱት፤ ከዚያ እዚያው ባዮስ ውስጥ የሳታው ምርጫ ኤኤችሲአይ (AHCI፣ የተለመደው የዲስክ አሠራር) ላይ ከሆነ፣ ኦፕቴን ወደሚለው የአርኤስቲ (RST፣ የኢንቴል የዲስክ አሠራር) ምርጫ ቀይሩት። ዊንዶውሱ ከዚህ በኋላ አልነሳም ሊል ስለሚችል ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

አደራ! ሲሠራ የነበረውን ኦፕቴን ዊንዶውስ ላይ ካለው የኢንቴል ኦፕቴን ፕሮግራም ሳታጠፉ አትንቀሉ። ከሃርድ ዲስኩ ጋር እንደ አንድ ስለሚሠሩ፣ ዲስኩ ለብቻው ላይነበብ ይችላል።