ትንሽና ርካሽ ማዘርቦርድ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ ገንዘብ ለመቆጠብ ከሚመቹት ዕቃዎች አንዱ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ነው። ውድ ቦርድ ስለገዛችሁ ብቻ ጌም አይፈጥንም። የተሳሳተ ርካሽ ቦርድ ግን ሌላ ዕቃ ያስገዛችኋል። በተለይ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ «አልገጠመኝም» ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው።

ያነሰ ሁሉ ይረክሳል ብሎ ማሰብ

ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው የቦርድ መጠን 17 በ17 ሴንቲሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ እስከ 24.4 በ24.4 ይደርሳል። ቺፕሴታቸው (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው የቦርዱ ቺፕ) አንድ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚወደደው ትንሹ ነው። የራም ማስገቢያው ሁለት፣ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። ጠባብ ኬዝ ከመረጣችሁ ደግሞ አነስ ያለ ፓወር ሰፕላይና አጭር ማቀዝቀዣ ፍለጋ ትገባላችሁ። እነሱም ርካሽ አይደሉም። ጠረጴዛችሁ ላይ በእውነት ቦታ ካልጠፋ ማይክሮ ኤቲኤክስ ይበቃል። ኬዛችሁ ትልቅ ቢሆንም አትጨነቁ፤ በተለመደ የኤቲኤክስ ኬዝ ውስጥ ሁለቱም ይታሰራሉ።

ሶኬቱ ከገጠመ ይሠራል ማለት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቢ450 ቺፕሴት ያለው ቦርድና ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ሁለቱም ኤኤም4 ለሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) የተሠሩ ናቸው። ቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የቆየ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኤች610 ቦርድ ላይ የኢንቴል 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስትሰኩም ያው ሊያጋጥም ይችላል። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የቦርዱን ስም ፈልጉና የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ክፈቱ። ከየትኛው የባዮስ ስሪት ጀምሮ እንደሚቀበል ተጽፏል። አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ዲስክ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ አለው። ያ ቁልፍ ከሌለው ሻጩ አድሶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የራሙን ዓይነት አለማየት

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ኤኤም4ን የተከተለው የኤኤምዲ ሶኬት ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የኢንቴል ኤች610 እና ቢ760 ግን በሁለቱም ዓይነት ይመጣሉ፤ ስማቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ካርቶኑን አንብቡ። ቤት ውስጥ ዲዲአር4 ካላችሁ ይህ ብቻውን ምርጫችሁን ሊወስን ይችላል።

ኤችዲኤምአይ ስላለው ምስል ይሰጣል ብሎ መገመት

ምስሉ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ነው። ኮር አይ5 12400ኤፍ እና ራይዘን 5 5600 የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ግራፊክስ ካርድ ካልገዛችሁ ምስል አታገኙም፤ ያ ቀዳዳ ጌጥ ነው።

የጎደለውን አለመቁጠር

ርካሽ ቦርዶች ብዙ ጊዜ ዋይፋይ የላቸውም። ራውተሩ ሳሎን፣ ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት ከሆነ ይህንን ቀድማችሁ አስቡበት። ቀጭን ኤስኤስዲ ዲስክ የሚሰካበት ኤም.2 ማስገቢያም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዶቹ ላይ ኤም.2 ዲስክ ሲገባ አንዱ የሳታ ቀዳዳ (የሌሎች ዲስኮች ገመድ መሰኪያ) ይዘጋል፤ መመሪያው ላይ ይገኛል።

ከባድ ፕሮሰሰር በደካማ ቦርድ ላይ መጫን

ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀርቡት ክፍሎች ማቀዝቀዣ ብረት ከሌላቸው ይግላሉ፤ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለተለመደ አይ5 ወይም ራይዘን 5 ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ለአይ9 ግን ኤች610 አትግዙ።

ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ቦርድ መግዛት

የኤችፒ ወይም የዴል ዴስክቶፕ ቦርድ በጣም ረክሶ ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ግን የፓወር መሰኪያቸውም የብሎን ቦታቸውም የራሳቸው ነው። ከተለመደ ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማሙም።

ሌላ ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ የሶኬቱን ክዳን አስከፍታችሁ በስልክ መብራት እዩ። በኢንቴል ኤልጂኤ1700 እና በኤኤም5 ሶኬቶች ላይ ቀጫጭኖቹ ፒኖች ያሉት ቦርዱ ላይ ነው። አንድ የታጠፈ ፒን ራም እንዳይነበብ ሊያደርግ ይችላል። ሻጩ ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ሂዱ።