ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ በባሕር ዳር የሚታመን የሰርግ ፎቶ አንሺ እንዴት ይመረጣል?

እህቴ ስትዳር ፎቶ አንሺውን የመረጥነው ስልክ ላይ ባየናት አንዲት ፎቶ ነው። ሙሽራዋ ጣና ዳር ቆማ፣ ቬሏን ነፋስ አንስቶት፣ ከኋላዋ ፀሐይ ስትጠልቅ። ማን አይማረክም? የሰርጉ ዕለት ጠዋት የመጣው ግን ሌላ ልጅ ነበር። «እሱ ሌላ ሰርግ ይዟል፣ እኔ አብሬው ነው የምሠራው» አለን። ምን ይደረጋል፣ በዚያ ሰዓት አይባረር! እህቴ ጎንበስ ብላ የአባታችንን ጉልበት ስትስም፣ አባታችን ሲመርቃት፣ ልጁ ጥግ ይዞ ባትሪ ይቀይር ነበር። አልበሙ ሲመጣ ጣና አለ፣ ዘንባባው አለ፣ የሙሽራ መኪናው ከአምስት አቅጣጫ አለ። ምርቃቱ የለም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሲያገባ «አንተ ሂድና አነጋግርልን» እባላለሁ። ስሄድ የማደርገው እንዲህ ነው።

1. ቀኑን ቀድሞ መያዝ

የእኛ ሰርግ ወቅት አለው፤ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ቀጥሎ ከፋሲካ በኋላ። የጥር ቅዳሜና እሁድ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ፎቶ አንሺ ላይ ሦስት አራት ሙሽራ ይረባረባል፤ አንዳንዱም ለሁሉም እሺ ይላል። አዳራሹን በያዛችሁበት ሳምንት እሱንም ያዙ።

2. አንድ ሰርግ ከጠዋት እስከ ማታ ማየት

ዋናው ይኼ ነው። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ከብዙ ሰርግ የተለቀመ ነው፤ ብዙ ያነሳ ሰው አንድ ሁለቱ ማማሩ አይቀርም። «ባለቤቶቹ ከፈቀዱ የአንድ ሰርግ ፎቶ በሙሉ አሳየን» በሉት። ሰበብ ካበዛ ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ።

ካሳያችሁ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ፈልጉ። ተክሊልም ሆነ ቁርባን ማለዳ ነው፤ ውስጡ ጨለምለም ይላል፣ በቅዳሴ መሃል ፍላሽ ማብለጭለጭም ነውር ነው። በዚያ ብርሃን የተነሱት ፊቶች ከጠሩ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። አሸዋ የተነሰነሰባቸው ከመሰሉ ወይ ካሜራው ወይ እጁ ደክሟል።

ቀጥሎ የቀትሩን እዩ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ሐይቁም ያንጸባርቃል። ነጩን የሐበሻ ቀሚስና ጠይሙን ፊት በአንድ ፎቶ ላይ ማስማማት ቀላል አይደለም። ፎቶውን በጣታችሁ አስፍታችሁ ቀሚሱን እዩት፤ የጥለቱ ክር ይለያል ወይስ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ሆኗል? ከዚያ ፊቷን። ጠይም ልጅ ዱቄት የተነፋባት መስላ ከወጣች ኤዲቲንግ ላይ ልማድ አለበት ማለት ነው፤ የእናንተም ከዚህ አያመልጥም።

እኔ በመጨረሻ የምፈልገው አሮጊቶችን ነው። ዳሱ ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጡ አያቶች፣ ወጥ ቤት ያሉ ሴቶች፣ የሚያለቅስ አባት። እነሱ ከሌሉ ያ ሰው ያነሳው ሰርጉን ሳይሆን ቀሚሱን ነው።

3. ሁለት የዕቃ ጥያቄ

«ካሜራህ ስንት ሚሞሪ ይይዛል?» ካኖን 6ዲ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ይይዛል፣ እያንዳንዱን ፎቶም ሁለቱ ላይ መጻፍ ይችላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። «ካሜራው ራሱ ቢቆምብህስ?» መልሱ «ሁለተኛ ይዣለሁ» ካልሆነ «ቆሞብኝ አያውቅም» ማለቱ ምንም አይጠቅማችሁም።

4. ከተማውን ያውቃታል?

ለጣና ዳር ፎቶ ስንት ሰዓት እንደሚቀጥራችሁ ጠይቁ። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ካለ ብርሃን ይገባዋል። «ከምሳ በኋላ ወዲያው» ካለ ለእሱ የሚመቸውን ነው የነገራችሁ። ጀልባ ካማራችሁ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ማዕበሉ ይነሳል። ሙሽራዋን ይዤ ክብራን ገብርኤል እገባለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሳቁና እለፉት፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። በጥር ጢስ አባይ እንሂድ የሚላችሁም ውኃው በበጋ እንደሚቀንስ ሊነግራችሁ ይገባ ነበር። ድሮን አለኝ ካለ ፈቃዱን ያሳያችሁ።

5. ውሉና ቀብዱ

ከምታውቁት ሰው ጋርም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። እኛ በቃል ነበር የተስማማነው፤ ያ ልጅ ሲመጣ የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር «የሚያነሳው እገሌ ራሱ ነው» ይበል። ከዚያ ቀኖቹ (ሰርጉ ብቻ ነው ወይስ መልሱና ቅልቅሉም?)፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የአልበሙ ገጽ ብዛትና የሚያስረክብበት ቀን።

የምትሰጡትን ብር ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ብሎ ይጻፈው፣ «ቅድሚያ ክፍያ» አይበለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህቺን ቃል ሲጽፍ ፊቱን ተመልከቱ።

የዚያው ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ፎቷችሁን ቲክቶክ ላይ እንዲለጥፍ ትፈቅዱ እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ በኋላ ከመጣላት።

6. የሰርጉ ዕለትና ማግስቱ

ፎቶ አንሺው አጎታችሁን ከጎረቤት አይለይም። ዘመድ የምታውቅ አንዲት ፈጣን የአክስት ልጅ አጠገቡ አቁሙለት፤ «እኚህ አያቷ ናቸው»፣ «አሁን ሊመርቁ ነው» እያለች ትጠቁመው። እኛ ቤት ምርቃቱን ያተረፈችው እንዲህ ያለችዋ ናት፣ በስልኳ፤ የአባቴ ግማሽ ፊት ከነጋቢው ይታያል።

ከመልሱ በኋላ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ስቱዲዮው ሂዱና ያልተነካካውን ፎቶ በሙሉ አስገልብጡ፤ ይህም ውሉ ላይ ይግባ። አልበሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሲደርስም እዚያው ቁጭ ብላችሁ ገጹን ቁጠሩ፣ ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጡ።