ቀዳዳ ያበዛው የአሉሚኒየም ናሙና እንዴት ተስተካከለ

ዕቃው የውሃ ፓምፕ ክዳን ነው፤ ፋብሪካ ላይ ዳይ ካስት የሚደረግ (የቀለጠው ብረት ሻጋታ ውስጥ በግፊት ተገፍቶ የሚቀረጽ) ዓይነት። ለሦስት ናሙና የብረት ሻጋታ ማሠራት ስለማያዋጣ ደብረ ብርሃን ላይ በአሸዋ ቀረጽነው። ላዩ ንጹሕ ነው፤ ቶርኖ (እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲላጥ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ክብ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ።

ቀዝቅዞ መስሎን ሙቀቱን ከ720 ወደ 800 ዲግሪ አሳደግን። ባሰበት። የቀለጠ አሉሚኒየም በጋለ ቁጥር ከእርጥበት ሃይድሮጅን አብዝቶ ይጠጣል፤ ሲረጋ ይተፋዋል። የአየር መውጫ መጨመሩም አልረዳም፤ ጋዙ ያለው ፈሳሹ ውስጥ ነዋ።

የሠራው ማድረቅ ነው። የምናቀልጠው ቁርጥራጭ (የመኪና አሎይ ቸርኬ ብቻ፤ ፒስተን አልተቀላቀለም) ደጅ ያድር ነበር፤ የዚህ አገር የጠዋት ጤዛ ደግሞ ይታወቃል። እምድጃው አጠገብ ወደ 200 ዲግሪ አሙቀን ጨመርነው። ማንኪያውና ማማሰያውም ይጋላሉ፤ እርጥብ ብረት የቀለጠው ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። የጋዝ ማስወጫ ታብሌቱን እታች ድረስ ተጭነን ይዘን፣ አረፋው ሲያበቃ 5 ደቂቃ አሳርፈን፣ ዝቃጩን ገፈን በ720 አፈሰስን። አሸዋው ተጨብጦ ሲሰበር ለሁለት ንጹሕ ይከፈል፣ መዳፍ ግን አያርጥብ።

2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳ በአሸዋ አልሞላም፤ 4 አድርገን ቀርጸን በፍሬዛ (በሚሽከረከር ምላጭ የሚቆርጥ ማሽን) አወረድነው። አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚያትመው ሞዴልም፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ 1.3 በመቶ ያህል ይተልቅ። ናሙናው ለገጠማ ይበቃል፤ ጥንካሬውን ግን ከዳይ ካስቱ ጋር አታወዳድሩት።