ቪታራዬን ጭቃ ሲውጣት

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቪታራዬ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ከላይ ሲታይ ሣር የለበሰ ደህና ሜዳ ነበር። ከሥሩ ግን መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል። እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ይደፍነዋል። ያኔ አዲስ ጎማና ያለቀ ጎማ እኩል ናቸው።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር አዝኖልኝ ቆመ። ሰንሰለት አወጣ። ከፊት ፓራውልቱ ሥር ባገኘናት ቀለበት ላይ አሰርን። «መሪሽን ያዢ!» ብሎኝ ነዳ። ቀለበቷ ተገንጥላ ከነሰንሰለቱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረችና የአይሱዙውን ስፖንዳ ሰረጎደችው። ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ልጆች ቆመው ነበር። ደግነቱ አካፋ ሊያመጡ ሄደዋል።

መካኒኬ የተገነጠለውን ቦታ ሲያየው ሳቀብኝ። ቀለበቷ ለመጎተቻ አልተሠራችም። መኪናዋ በመርከብ ስትመጣ ወዲያ ወዲህ እንዳትል የታሰረችባት ናት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮዬ ስታዲየም አካባቢ፣ ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ መውጣት እወዳለሁ እንጂ ለዊንች፣ ማለትም ገመድ እየጠቀለለ መኪና ለሚስበው ሞተር፣ የሚሆን ብር የለኝም። ስለዚህ እንደ ሥራዬ ልማድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ አንዱ ርካሽ ዕቃ የሚበቃበት፣ ሌላው ርካሽ ዕቃ ሰው የሚገድልበት። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን የመኪና ዕቃ ዋጋም አብሮ ይዋዥቃል፤ የዛሬው ቁጥር ለወር አይደርስም። ለእኔ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጎማ ብዙም አልበለጠም።

ከርካሹ ዓምድ ልጀምር። መጀመሪያ የምትገዙት የጎማ አየር መለኪያ ነው። ገመድ አይደለም። ጎሚስታው «ስንት ላድርገው?» ሲላችሁ የምትነግሩትን ቁጥር ታውቁታላችሁ አይደል? ለእኔ በአስፋልት 28 ፒ ኤስ አይ ነው። ለስላሳ መሬት ላይ ስገባ ወደ 18 አወርደዋለሁ። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይረዝማል፣ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። አሸዋ ላይ ለውጡ የትየለሌ ነው። ጭቃ ላይ የዚያን ያህል ባይሆንም ይረዳል። ከ15 በታች ግን አትውረዱ። ስትጠመዝዙ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ለማስተንፈስ የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። የቫልቩን ክዳን አውልቃችሁ መሐሏ ያለችውን ጭራ በቁልፍ ጫፍ መጫን ነው። ጊቢያችን ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት በስልኬ ሰዓት ለካሁት። አንዱ ጎማ ከ28 ወደ 18 ለመውረድ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ፈጀ። አሁን ሜዳ ላይ በየአሥር ሰከንዱ መለኪያ አልሰካም። ዘበኛችን ጋሼ ግን እስከ አራተኛው ጎማ በዝምታ ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ማን ቢያስቀይምሽ ነው የራስሽን ጎማ የምታስተነፍሺው?» አሉኝ።

አየር ያወጣ ሰው መልሶ መንፋት አለበት። በ18 አስፋልት ላይ ብትሮጡ ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ዕቃ ትንሿ ኮምፕሬሰር ናት። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካዋ ለቪታራ ጎማ ትበቃለች። ቀስ ብላ ነው የምትነፋው፤ ሁለት ጎማ ከነፋች በኋላ አሳርፏት። ከመግዛታችሁ በፊት ስንት አምፔር እንደምትስብ ካርቶኑ ላይ እዩ። የመለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ነው። ከዚያ በላይ ከሆነች ፊውዙ ይበላል። ትልልቅ ጎማ ያለው ሰው ባትሪውን ቆንጥጦ የሚይዘውን ዓይነት ይግዛ። ስትነፉ ሞተሩ ይነሳ።

ሦስተኛው አካፋ ነው። የሕንፃ ሠራተኛ የሚይዘው ተራ አካፋ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለው። ያቺን ታጣፊ የወታደር አካፋ አትግዙ። ታምራለች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ግን በሆዳችሁ ተኝታችሁ ነው የምትቆፍሩባት። እኔ የአካፋዬን እጀታ ከኋላ ወንበር ጀርባ እንዲገባ ትንሽ አስቆረጥኩት። ፖርቶ መጋላ ያለው ሰው ይህም አያስጨንቀውም።

አቆፋፈሩን ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ሥራ እሱ ነውና። ጎማ መሽከርከር ሲጀምር እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጉድጓድ ነው። ወርዳችሁ ከእያንዳንዱ ጎማ ፊት ተዳፋት አድርጋችሁ ቁፈሩ፤ ጎማው መውጫ መንገድ እንዲያገኝ። ከዚያ ሆዷን እዩ። ዲፍረንሻሉ አፈር ላይ ከተቀመጠ አራቱም ጎማ ቢቆፈርላቸው ዋጋ የለውም። ክብደቷ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ወደመጣችሁበት ወደኋላ መውጣት ይቀላል። ያ መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸክሟችኋል።

ጎማ ሥር የሚገቡት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ጥሩ ናቸው፤ ውድም ናቸው። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የተቀደደ፣ ጥርሱ ገና ያላለቀ ሁለት ቁራጭ ገዛሁ። በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ይሆናል። ሁለት ወፍራም ጣውላም ጨመርኩ፣ አራት ጣት የሚሆን ውፍረት ያለው። ጣውላው ለክሪኩ መቆሚያም ይሆናል፤ ያለ እሱ ክሪክ ጭቃ ውስጥ ራሱ ይሰምጣል። የጎማውን ቅዳጅ ከቆፈራችሁት ተዳፋት ላይ፣ ጎማው እስኪነክሰው አስጠግታችሁ ወትፉት። ጣውላው ላይ ሚስማር መምታት የሚመክሩ አሉ። ሚስማሩ ጎማችሁን ሲበሳ እነሱ አይኖሩም። አንድ ነገር ብቻ፤ ጎማው ሲይዘው ቅዳጁን ወደኋላ ሊወረውረው ይችላል። ከመኪናዋ ፊትም ኋላም ሰው አይቁም።

የቆዳ ጓንትና የግንባር ባትሪ ጨምሩ። በዚህ አለቀ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓምድ። እዚህ የምንገዛው ውጥረት የሚያርፍበትን ሁሉ ነው። ገመዱ፣ ገመዱን ከመኪናው የሚያገናኘው ብረት፣ መኪናው ላይ ያለው መንጠቆ። ከሦስቱ ደካማው ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ይወረወራል።

ሶማሌ ተራ ሻክል ፍለጋ ሄድኩ። የፈረስ ጫማ የመሰለ፣ አፉ በቡሎን የሚዘጋ ብረት ነው። ስሙ ካላግባባችሁ ቅርጹን በእጃችሁ አሳዩ። ልጁ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አወጣልኝ። «የኔ እናት፣ ይሄ ዝሆን ይጎትታል» አለኝ። አገላብጬ አየሁት። ምንም አልተጻፈበትም። ክሩም ሲዘጋ መሐል ላይ ይይዛል። «ሌላ አምጣልኝ» አልኩት። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ፣ የማያምር አመጣ። በጨርቅ ስጠርገው ብረቱ ላይ ተነስቶ የተጻፈ ጽሑፍ ወጣ። ደብሊው ኤል ኤል፣ ቀጥሎ 4 3/4፣ ቀጥሎ ቲ። ማለትም በሥራ ላይ በደህና የሚሸከመው 4.75 ቶን ነው። የብረቱ ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዋጋው ከቀዩ እጥፍ ነበር። ተከራክሬ ትንሽ አስቀነስኩ። ሁለት ገዛሁ። ቀለም እኮ ማንም ይቀባል። ስትዘጉት ቡሎኑን በእጅ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ሩብ ዙር መልሱት፤ ካልሆነ ከጉተታው በኋላ አይፈታም።

ገመድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማይለጠጥ መጎተቻ ሲሆን የተበላሸ መኪና በአስፋልት ላይ በዝግታ ለመውሰድ ነው። ሌላው ከናይለን የተሠራ፣ ሲሳብ የሚለጠጥ ነው። ጭቃ የያዘውን የሚነቅለው ይኼኛው ነው። ተለጥጦ ሲመለስ ይስባል እንጂ በአንድ ጊዜ አይነጥቅም። ሰንሰለትና የብረት ገመድ ይህ የላቸውም፤ የእኔን ቀለበት አስታውሱ። ጭነት ማሰሪያ ቀበቶም አይሆንም።

አቅሙን እንዲህ አስሉ። መኪናችሁ ሰው፣ ነዳጅና ዕቃ ተጭኖ ስንት ኪሎ ነው? የገመዱ መበጠሻ የዚያ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። የእኔ ተጭና 1,500 አካባቢ ናት፤ ከ3 እስከ 4.5 ቶን ማለት ነው። ወደ 3 ቶን ለሚጠጋ ሃይሉክስ ከ6 እስከ 9። ከዚያ በጣም የወፈረ መግዛት ብልጠት አይደለም። ለቀላል መኪና አይለጠጥላትም፤ ሰንሰለት ይሆንባታል። አሮጌ ገመድ ካገኛችሁ ስፌቱን በጣታችሁ ዳስሱ። የተቆረጠ ክር ወይም ፀሐይ ያነጣው ካለ ተዉት። መቋጠርም የለም፤ ቋጠሮ አቅሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

መንጠቆው ላይ መካኒክ ያስፈልጋችኋል። ሻንሲው ላይ በቡሎን የሚያዝ፣ ለመጎተቻ የተሠራ ይሁን። የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተጽፎ ካላያችሁ አትቀበሉ። «በይ እበይድልሻለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ማን እንደበየደውና እንዴት እንደያዘ ከውጭ አይታይም። ተጎታች የሚንጠለጠልባት የኋላ ኳስም ለዚህ አይደለችም። እሷ ተሰብራ ስትወረወር የመድፍ ጥይት ናት።

ስትጎትቱ ገመዱ መሐል ላይ ከባድ ነገር ጣሉበት። እኔ የአባቴን አሮጌ ጋቢ አርሼ ነው የምጥለው። ቢበጠስ ጉልበቱን ይውጥለታል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ፤ 9 ሜትር ከሆነ ወደ 14 ሜትር። ጎታቹ በእግር ጉዞ ፍጥነት ይጀምር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጎታቹ መኪና ይዞት የሚመጣው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ሮጥ ብዬ ልሳበው» የሚል ሹፌር ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ዘንድሮ መናገሻ ሱባ ጫካ መንገድ ላይ እንደገና ተያዝኩ። ጎማ አስተነፈስኩ፣ ቆፈርኩ፣ ቅዳጁን ወተፍኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደብኝ፤ ሸሚዜ ዳግመኛ ነጭ አልሆነም። ገመዱ ከከረጢቱ ሳይወጣ ነው የወጣሁት። የተጠቀምኩበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለጓደኛዬ ቪትስ። ጭቃ የነካው ገመድ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጥላ ሥር ነው የሚደርቀው። በረንዳዬ ላይ ሳሰጣው ጎረቤቴ ከላይ ብቅ ብላ «ውይ፣ ለልብስ ማስጫ እንዴት ያለ ጥሩ ገመድ አገኘሽ! ቆርጠሽ ትሰጪኛለሽ?» አለችኝ።