ጥልፍልፉ ሲወዛወዝ ስሌቱ አልታዘዝ ካለ

ጦሳ ጉም ለብሶ ደሴ በሚቀዘቅዝበት ማለዳ ተማሪዎቼ ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ስሌቱ ልክ አልመጣም።» ሌዘር ባይኖረንም ላፕቶፕ አለን፤ በብርሃን ጥልፍልፍ (የሌዘር ጨረሮች ተገናኝተው በሚሠሩት የጉድጓዶች ረድፍ) የተያዙ እጅግ የቀዘቀዙ አቶሞችን በእሱ ማስላት እንችላለን። ጥልፍልፉ በዑደት ሲወዛወዝ አቶም ከጉድጓድ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ የሚያልፍበት መጠን በቤሴል ፈንክሽን (እየወጣና እየወረደ ዜሮን በሚያቋርጥ የሒሳብ ኩርባ) ይባዛል። ወደ ፈንክሽኑ የሚገባው ቁጥር በጎረቤት ጉድጓዶች መካከል የሚወዛወዘው የጉልበት ልዩነት ለአንድ የውዝዋዜ ኳንተም (በውዝዋዜው ድግግሞሽ ለሚወሰን አንድ የጉልበት ቁራሽ) ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ምልክት፦ ቁጥሩ 2.405 ሲሆን ፈንክሽኑ ዜሮ ስለሚሆን አቶሞቹ መስፋፋታቸውን ማቆም ሲገባቸው እንደ ልማዳቸው ይሰፋሉ።
ምክንያት፦ አንዲት ተማሪ ኮዷን ስታሳየኝ ኮሳይኑ ውስጥ 2π አለ፤ የኃይሉን መጠን ግን 2.405ን በውዝዋዜው ድግግሞሽ፣ በ3000 ሄርዝ፣ ብቻ አባዝታ 7215 ጽፋለች። መሆን የነበረበት በ2π ጭምር ተባዝቶ 45,330 ገደማ ነው። በእሷ ቁጥር የማለፊያው መጠን 96 በመቶው እንዳለ ይቀራል።
መፍትሄ፦ 2π በሁለቱም ቦታ ይግባ። ውጤቱንም ሙሉ ዑደት ሲያልቅ ብቻ አንብቡ፤ በዑደቱ መሀል የሚታየው ትንሽ መንቀጥቀጥ የራሱ የውዝዋዜው ነው።

ምልክት፦ ከ2.405 ካለፈ በኋላ የሞመንተም ጫፎቹ (አብዛኞቹ አቶሞች የሚገኙባቸው የሞመንተም ዋጋዎች) ከመሀል ወጥተው ወደ ዞኑ፣ ማለትም ወደ ጥልፍልፉ የሞመንተም ክልል፣ ዳርቻ ይሄዳሉ።
ይህ ብልሽት አይደለም፣ አትንኩት! የማለፊያው ምልክት አሉታዊ ሆኗል፤ 3.83 አካባቢ ‑0.40 ይደርሳል። የፒሳ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሩቢዲየም አቶሞች እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይተዋል።

ምልክት፦ ምንም ሳይገፋው የአቶሞቹ ክምችት ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል።
ምክንያት፦ ኃይሉ በድንገት በሳይን ተጀምሯል፤ አማካይ ሞመንተሙ ከዜሮ ይርቃል።
መፍትሄ፦ በኮሳይን ጀምሩ፤ ወይም ኃይሉን በብዙ ዑደቶች ቀስ እያላችሁ አሳድጉት።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ውዝዋዜው አቶሞቹን ማሞቁ ነው። እናቴ እርጎ ስትንጥ ጆሮዋን ወደ ቅሉ ጠጋ አድርጋ ታዳምጥ ነበር፤ ድምፁ ሲከብድ ቅቤው መሰብሰቡን ታውቃለች። በኃይል መናጥ ብቻውን ቅቤ እንደማያወጣ ያየሁት ከእሷ ነው፤ እዚህም ምቱ ልኩን ይፈልጋል። የውዝዋዜው ኳንተም ከማለፊያውና ከአቶሞቹ መገፋፋት በብዙ መብለጥ፣ ወደ ላይኛው ባንድ (አቶሞቹ ሊይዙት ወደሚችሉት ቀጣይ የጉልበት እርከን) ከሚወስደው ክፍተት ደግሞ በብዙ ማነስ አለበት። ያ ብቻም አይበቃም፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ኳንተሞች ተደምረው ክፍተቱን በትክክል ከሞሉት አቶሞቹ ወደ ላይ ይዘልላሉ። ስሌታችሁ አንድ ባንድ ብቻ ከያዘ ይህን ማሞቅ ፈጽሞ አታዩትም፤ ያማረው ውጤታችሁ ያታልላችኋል። ቢያንስ ሁለተኛውን ባንድ ጨምሩ።

ሙቀቱ የእውነት ነው ወይስ የስሌት ስሕተት? በመጀመሪያ የጊዜ እርምጃውን በግማሽ ቀንሱት፤ ሙቀቱ ከጠፋ ስሕተቱ የእርምጃው ነበር። ካልጠፋ ድግግሞሹን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ፤ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ሽቅብ ከተተኮሰ ሬዞናንሱን (ኳንተሞቹ ክፍተቱን በትክክል የሚሞሉበትን ድግግሞሽ) አገኛችሁት፣ ከዚያ ራቁ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋም ሁኔታውን በየ50 ዑደቱ ፋይል ላይ አስቀምጡ።